ጠበቃዋ በመጽሐፏ ያወጣችው ገዳይ

ብርቅነሽ ከበበው መጻፍ የጀመረችው በአምቦ ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ አንድ ጎኑ በተቀደደ ጃንጥላ ጥላ ውስጥ ነው። ደርግ በወደቀበት ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰች፤ ውጤቷ ግን ዩኒቨርሲቲ አላስገባ አላት። አባቷ አቶ ከበበው ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩና «ነይ እንግዲህ፣ የእጅ ጽሑፍሽ ያማረ ነው» ብለው አጠገባቸው በርጩማ ሰጧት።

ሥራው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። ባለጉዳይ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ በደሉን ይናገራል፤ ጸሐፊው በሁለት ገጽ ያሰፍርለታል። ቀላል ያልሆነው ባለጉዳዩ ነው። የደንዲ ገበሬ የድንበር ክርክሩን የሚጀምረው ከአያቱ ሠርግ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እየተባለ ያደገን ሰው ማን አሳጥር ይለዋል! አቶ ከበበው እስኪጨርሱላቸው ያንቀላፉ ነበር። ብርቅነሽ ግን አንዲት ቃል ሳታመልጣት ትሰማለች። የቱ መጀመሪያ እንደሚነገር፣ የቱ ደግሞ እስከ መጨረሻው መስመር ታፍኖ እንደሚቆይ የተማረችው እዚያች በርጩማ ላይ ነው። አንድ ዳኛ የእሷን ማመልከቻ ሲያነቡ ሁለተኛውን ገጽ እንዴት በጥድፊያ እንደገለጡ በአጥሩ ሥር ሳምንት ሙሉ ተወራ። የማመልከቻ ገጽ የሚቸኮልለት ነገር አይደለምና ወሬው አይገርምም።

ብዙም ሳይቆይ የፍርድ ቤቱ ሥራ በአፋን ኦሮሞ ሆነ። አቶ ከበበው «እኔ በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ፊደል አልቆጥርም» ብለው ጃንጥላቸውን አጥፈው ቤታቸው ገቡ። ልጃቸው አልገባችም። ቤት አማርኛ፣ ደጅ አፋን ኦሮሞ እየተናገረች ያደገች የአምቦ ልጅ ናት፤ አፏ ያውቀዋል፣ የቀረው እጇ ነው። ቁቤውን፣ አዲሱን የላቲን ፊደል፣ በሁለት ወር ለቀም አድርጋ ያንኑ በርጩማ ይዛ ቀጠለች። በማታው ትምህርት የሕግ ዲፕሎማ፣ ከዚያ ዲግሪ፣ ከዚያ የጥብቅና ፈቃድ ያዘች። በ1993 ዓ.ም. ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ላይ ስሟን ስትሰቅል፣ አባቷ ታፔላውን ሦስት ጊዜ አንብበው «ፊደሉ ትንሽ ጎብጧል» አሉ። ደስታቸውን ሲደብቁ እንዲህ ነበሩ።

አማርኛዋ ግን ሥራ ፈታ። ያን ሁሉ ዓመት በማመልከቻ ስትሞርደው የኖረችውን ቋንቋ ፍርድ ቤቱ አልፈለገውም፤ እሷም የትም ልትጥለው አልቻለችም። ማለዳ እየተነሣች ልቦለድ መጻፍ ጀመረች፤ ሬሳ የሚገኝበት፣ ምስክር የሚዋሽበት፣ አንዲት ጠበቃ የተደበቀውን እየፈለፈለች የምታወጣበት ልቦለድ። ባሏ ተድላ የፊዚክስ መምህር ነው፤ «አንቺ ሴት፣ ሁለት ምላስ አለሽ» ይላታል። «ጠበቃ ሆኜ አንድ ብቻ ቢኖረኝ ምን እበላ ነበር?» ትለዋለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መጽሐፎቿ ከጊንጪ እስከ እጃጂ በየአውቶቡሱ ተነበቡ። መጽሐፉን ሲያነብ መውረጃውን ስቶ እጃጂ የደረሰ የባንክ ሠራተኛ ቢሮዋ ድረስ መጥቶ ከሷት ነበር፤ ፈርማበት ታረቁ።

ብርቅነሽ ራሷን ዝቅ አድርጋ የምታይ ሴት አይደለችም። «ጥሩ ጠበቃ ነኝ፤ ጥሩ ጸሐፊም ነኝ» ትላለች ሰው ፊት። እውነቷን ነው። ችግሩ የመጣውም ከዚሁ እውነት ነው።

በ1995 ዓ.ም. በደንዲ ወረዳ፣ በጭልሞ ደን ጠርዝ ላይ ዓብዲሳ የሚባል የሃያ አራት ዓመት ወጣት ጭንቅላቱን በዱላ ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። የኦቦ ኤጄታ የበኩር ልጅ ነው። ጎረቤቱ ኢብሳ ተከሰሰ፤ አንድ ምስክር ከሩቅ አየሁት ብሎበት ተፈረደበት። ይግባኙን የያዘችው ብርቅነሽ ናት። ኢብሳ በእስር ቤቱ መጠየቂያ ሽቦ ማዶ ቆሞ ሁሉንም ነገራት። ከብት ማሳ ገባ፣ ተሰዳደቡ፣ ዓብዲሳ ገፋው፣ እሱ ዱላውን ሰነዘረ። «ልገድለው አልነበረም፣ ጠበቃዬ። አንድ ጊዜ ነው የመታሁት» አላት።

በዚያው ሰሞን የአገር ሽማግሌዎች መጡ፤ መሪያቸው ኦቦ ሚልኬሳ ነበሩ። በአገሩ ልማድ ደም ከፈሰሰ ጉማ መውጣት አለበት። ገዳይ በሽማግሌ ፊት «እኔ ነኝ» ይላል፣ ካሳ ይወጣል፣ ሁለቱ ወገኖች ይታረቃሉ። ጉማ እስኪወጣ ድረስ ግን አብረው አይበሉም፣ ከአንድ ምንጭ አይቀዱም፤ ነፍስ ያጠፋው አገሩን ለቆ ይሄዳል። ኢብሳ ለመቀመጥ ፈቃደኛ ነበር። ብርቅነሽ ናት የከለከለችው።

«ተቀመጥክ ማለት አመንክ ማለት ነው። ዐቃቤ ሕጉ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው» አለችው።

በሕግ ዓይን ትክክል ነበረች። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያን ምስክር እንደገና ሲሰማ በጥያቄ ፈተለችው፤ ቆምኩበት ካለው ቦታ የደኑ ጠርዝ ጭራሽ እንደማይታይ ራሱ አመነ። ኢብሳ በነጻ ተለቀቀ። ኦቦ ኤጄታ ከፊተኛው አግዳሚ ተነሥተው ወጡ። ብርቅነሽ የደንበኛዋን ትከሻ መታ መታ አድርጋ «ፋይሉ ተዘግቷል፣ ኢብሳ። ሂድ፣ ኑሮህን ኑር» አለችው። እሷም ኑሮዋን ቀጠለች።

ከዓመታት በኋላ ሦስተኛ ልቦለዷን ስታስብ ያ ደን ትዝ አላት። ስሞቹን ለወጠች፣ ወረዳውን ለወጠች፣ የደኑን ስም አጠፋች። ለገዳይነትም ከጭንቅላቷ አንድ ሰው ፈጠረች፤ እያነከሰ የሚሄድ የደን ዘብ፣ አንደኛው ዱካው ከሌላው ጠልቆ የሚታይ። ማነከሱን የወሰደችው በዚያ ክርክር ሊመሰክሩ ከመጡት ከጭልሞው ዘብ ከኦቦ ጉታ ነው። ማነከስ የማንም ንብረት አይደለም ብላ። «ዝናብ ያጠበው ዱካ» የተባለው መጽሐፍ በ2002 ወጣና ከሁለቱም በላይ ተነበበ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የብዕር ወለምታማ በሦስት ሺህ ቅጂ ታትሞ አገር ሲያዳርስ በምን ይታሻል?

በማግስቱ ዓመት ጥቅምት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ኦቦ ኤጄታ ቢሮዋ ገቡ። አብራቸው ጊንጪ የምታስተምረው የወንድማቸው ልጅ ዱሬቲ አለች። ሽማግሌው በፌስታል የተጠቀለለ መጽሐፍ ይዘዋል።

ብርቅነሽ ብድግ አለች። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ኤጄታ።»

«ፈያ፣ ልጄ። ተቀመጪ። ልወቅስሽ አልመጣሁም፤ ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት።» መጽሐፉን ከፌስታሉ አውጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩት። «ይቺ ልጅ በየእሑዱ እያነበበች በእኛ ቋንቋ ነገረችኝ። ፍርድ ቤቱ ኢብሳ አይደለም አለ፤ አንቺ ደግሞ ልጄን ማን እንደገደለው አወጣሽልኝ። ስሙን አልጻፍሽም፤ ግድ የለም፣ በእግሩ አወቅነው። ከአፍሽ ልሰማው ብዬ ነው።»

ብርቅነሽ መጽሐፉን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው። «ኦቦ ኤጄታ፣ ይህ ልቦለድ ነው። ፈጠራ ነው።»

«እኔም ብዬው ነበር፣ እቴ» አለች ዱሬቲ ተጨንቃ። «አልሰማ አለኝ።»

«ፈጠራማ ሥራ ፈት የሚጽፈው ነው» አሉ ሽማግሌው። «ይቺ ጠበቃ ናት። ፋይሉን አይታለች። ፋይል ያየ ሰው ጽፎ፣ ያውም አሳትሞ፣ እንዴት ውሸት ይሆናል? ይልቅ ስሚኝ። ጉታ በየቀኑ እያነከሰ በደጄ ያልፋል። የዓብዲሳ ወንድሞች ሁለት ናቸው፤ እጃቸውን ይዤ ያቆየኋቸው እኔ ነኝ። አሁን ደከመኝ። ጉታ ነው በይኝ፤ አለዚያም አይደለም በይኝ።»

«አይደለም። ኦቦ ጉታ እጃቸው የለበትም። በልጆቼ እምልልዎታለሁ።»

«እሱ ካልሆነ ማነው?»

ብርቅነሽ አፏን ዘጋች። የደንበኛን ምሥጢር ማውጣት አትችልም፤ ሕጉም አይፈቅድም፣ እሷም አድርጋው አታውቅም። ግን በመዝጋቷ ግማሹን እንደተናገረች ገባት። ሽማግሌውም ገባቸው፤ ዓይናቸውን ከፊቷ ላይ ሳይነቅሉ ቆዩ።

«አሥራ አምስት ቀን ይስጡኝ» አለች በመጨረሻ። «እስከዚያ ልጆችዎ ኦቦ ጉታ ላይ እጃቸውን ላያነሡ ቃልዎን ይስጡኝ።»

«አሥራ አምስት ቀን» አሉ ኦቦ ኤጄታ። «ከዚያ በኋላ እኔም አልይዛቸውም።» መጽሐፉን መልሰው በፌስታሉ ጠቅልለው ወጡ።

ብርቅነሽ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራዋ አፈረች። አንድ ምንም ያላደረገ ሽማግሌ በእሷ ምክንያት ሊሞት ነው፤ ያውም ለቅንጣት ያህል የልቦለድ ጣዕም ስትል። ግን ተቀምጦ መቆዘም የእሷ ጠባይ አይደለም። በማግስቱ ጠዋት የእጃጂ ሚኒባስ ውስጥ ነበረች።

ኢብሳ እጃጂ ወፍጮ ቤት ጆንያ ይሸከማል። ፊቱ በዱቄት ነጥቶ ከበሩ ሲወጣ መጀመሪያ አላወቀችውም። ነጻ የወጣ ሰው ደንዲ፣ አባቱ መሬት ላይ ያርሳል ብላ ነበር የምታስበው፤ ያለበትን ያገኘችው ዘመዶቹን በስልክ አጠያይቃ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

«ደም ሳይታረቅ እንዴት እገባለሁ፣ ጠበቃዬ?» አላት። «ፍርድ ቤቱ ነጻ ነህ አለኝ፤ አገሩ ግን አላለኝም። መሬቴ ጦሙን ያድራል። እናቴ ስትሞት እንኳ ሄጄ አልቀበርኳትም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ፋይሉ ተዘግቷል ብለውኝ የለ እንዴ?»

ይህችን ዐረፍተ ነገር ብርቅነሽ ዕድሜ ልኳን አትረሳትም። ሰው ሳይሰድባት እንዲህ ተሰድባ አታውቅም። ቢሆንም አልተንተባተበችም። የኦቦ ጉታን ነገር ከአንድ እስከ አሥር ነገረችው፤ መጽሐፉንም፣ ማነከሱንም፣ አሥራ አምስቱንም ቀን። ከዚያ ቀጠለች።

«አሁን ሕጉን ልንገርህ። በመጨረሻ ፍርድ ነጻ የወጣ ሰው በዚያው ነገር ዳግም አይከሰስም። ዐቃቤ ሕጉ አቤቱታ የሚያቀርብበትም ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ዛሬ ሽማግሌ ፊት ‹እኔ ነኝ› ብትል የትኛውም ፍርድ ቤት አይጠራህም።»

ኢብሳ ዱቄቱን ከቅንድቡ እየጠረገ ቆየ። «ይህን ያወቁት መቼ ነው?»

«ያን ጊዜም አውቀው ነበር።»

«ታዲያ?»

«እንድነግርህ አልመጣልኝም። ረታሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ኑሮ የእኔ ጉዳይ አላልኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ኢብሳ።»

ወፍጮው ይጮሃል። «ቢገድሉኝስ?» አለ ኢብሳ ቀስ ብሎ።

«ኦቦ ሚልኬሳ ከተቀመጡ የሚነካህ የለም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ግን ምርጫው ያንተ ነው። አልሄድም ካልክ አፌ እስከ መቃብር ዝግ ነው፤ ኦቦ ጉታን የማድንበትን ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ። ከሄድክ አብሬህ እቀመጣለሁ።»

ኢብሳ ተነሥቶ የለበሰውን ጆንያ ከትከሻው ጣለና «ኦቦ ጉታ ልጅ ሆኜ ከደኑ እንጆሪ ስለቅም አይተው እንዳላዩ ያልፉኝ ነበር» አለ። «እሄዳለሁ።»

ብርቅነሽ ኦቦ ሚልኬሳ ዘንድ ሄዳ ሽማግሌ አስጠራች፤ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከጭልሞ በታች ባለው ሜዳ ላይ ተቀመጡ። እንደ ደንቡ ሁለቱ ወገኖች ተራርቀው፣ ሽማግሌዎቹ መሐል። ኢብሳ በሁለት እጁ የምሕረት መለመኛውን ለምለም ሣር ይዟል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ብርቅነሽን አይተው «ሴት በደም ነገር ምን ልትሠራ መጣች?» አሉ።

«ደሙን ስምንት ዓመት ያቆየው የእሷ ምክር ነው» አሉ ኦቦ ሚልኬሳ። «ያቆየው ሰው ሲፈታም ይገኝ። ትቀመጥ።»

ብርቅነሽ ግን ቆመች። በአሥር ዓመት የጥብቅና ሥራዋ ስለ ራሷ ጥፋት ተከራክራ አታውቅም። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ዘብ ከራሷ ጭንቅላት የወጣ መሆኑን፣ የኦቦ ጉታን እግር ሳታስፈቅድ መውሰዷን፣ ኢብሳ ያኔ ሊቀመጥ ሲል የከለከለችውም ራሷ መሆኗን፣ ሁሉንም ጥርት ባለ አፋን ኦሮሞ ተናገረች። ወደ ኦቦ ጉታ ዞራ ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀች።

ኦቦ ጉታ ዱላቸውን ተደግፈው ተመለከቷት። «እኔ በዚህ እግሬ ፍየል እንኳ ሮጬ አልይዝም፤ አንቺ ገዳይ አደረግሽኝ። ለሚቀጥለው መጽሐፍ ሌላውን እግሬን ውሰጂ፣ እሱ ደህና ነው» አሉ። ሜዳው ላይ የተቀመጠው ሁሉ፣ የዓብዲሳ ወንድሞች ሳይቀሩ፣ ሳይወዱ ሳቁ። ሳቁም አለቀ። ተራው የኢብሳ ነበር።

ሣሩን መሬት ላይ አኖረ። «እኔ ነኝ» አለ። «ዓብዲሳን የመታሁት እኔ ነኝ።»

ከዓብዲሳ ወንድሞች ታናሽየው ሊነሣ ሲል ታላቅየው ክንዱን ያዘው። ሽማግሌዎቹ ደንቡን አደረሱ፤ ስለ ካሳው ተነጋገሩ፤ ተስማሙ። ኦቦ ሚልኬሳም «የሟች አባት፣ የሚናገሩት ካለ» አሉ።

ኦቦ ኤጄታ ተነሥተው መሐል ላይ እስኪደርሱ ሁሉም ጠበቀ። ኢብሳ ፊት ቆሙ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አሉት። «ልጄ ሲሞት ብቻውን ነበር?»

ብርቅነሽ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። በሁለት ፍርድ ቤት ሙሉ ክርክር ተደርጓል፤ ዐቃቤ ሕጉ ጠይቋል፣ ዳኞቹ ጠይቀዋል፣ እሷ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጠይቃለች። በሦስት መቶ ገጽ መጽሐፍም ስለዚያ ሞት ያልጻፈችው ነገር የለም። ይህን ጥያቄ ግን ማንም አልጠየቀም። እሷም አልጠየቀችም።

«ብቻውን አልነበረም፣ አባቴ» አለ ኢብሳ። እንባው ፊቱን ሞላው። «ሲወድቅ ደንግጬ ያዝኩት። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ውሃ አለኝ። ከምንጩ በባርኔጣዬ ቀድቼ አመጣሁለት።»

«ጠጣ?»

«ጠጣ። ሁለት ጊዜ ጠጣ። ከዚያ እጄን ይዞ ቆየ፤ እስኪያልፍ ድረስ አልለቀቅኩትም።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ስምንት ዓመት ሙሉ ልጄ እንደ አውሬ ብቻውን፣ ጉሮሮው ደርቆ፣ ሰው እየተጣራ ሞተ ብለው ነበር የኖሩት። አሁን ትከሻቸው እየተርገፈገፈ በሰው መሐል አለቀሱ። ብርቅነሽም አለቀሰች፤ ማንም አየኝ አላየኝ አላለችም።

ኦቦ ኤጄታ ሲጨርሱ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ወደ ኢብሳ ዞሩ።

«መሬትህ ጠንክሮ ይሆናል» አሉት። «በሬም የለህም። ሰኞ መጥተህ የእኔን ጥመድ።»